ያልተተረተረው ዙር

ማክሰኞ፣ ኅዳር 12 ቀን፣ ከቀትር በኋላ ዘጠኝ ሰዓት

ለውድ ልጄ፣

ብርዱ እንዴት ይዞሻል? እኛ ደህና ነን ብዬ ልጀምር ነበር፤ ግን ትክክል ስለማይሆን ተውኩት።

ከደብዳቤው ጋር ግራጫ የአንገት ሹራብ ይደርስሻል። ዙሪያው የተዘጋ ስለሆነ በጭንቅላትሽ ታጠልቂዋለሽ እንጂ አይታሰርም። ለብ ባለ ውሃ እጠቢው፤ አትጭመቂው፤ ጠረጴዛ ላይ ዘርግተሽ አድርቂው።

የጀመረችው እናትሽ ናት። መሥሪያው አርባ ስምንት ችካል ዙሪያውን የተተከለበት ክብ ፕላስቲክ ነው። ክሩ በየችካሉ ሁለት ጊዜ ይጠመጠምና የታችኛው በመንጠቆ ተስቦ በላይኛው ላይ ተሻግሮ ወደ ውስጥ ይጣላል። ይህ በአርባ ስምንቱም ላይ ሲደረግ አንድ ዙር ሞላ ማለት ነው። እናትሽ ሠላሳ አንድ ዙር ሠራች። ሠላሳ ሁለተኛው ላይ መንጠቆው ከእጇ ወደቀ። አነሳሁላት፤ እንደገና ወደቀ።

«ደክሞኝ ነው» አለች።

ድካም አልነበረም። ይኸው አምስተኛ ሳምንቷ ነው፤ ቀኝ እጇ ማንኪያ አይዝም። ሐኪሙ ጭንቅላቷ ውስጥ አንዲት ቀጭን የደም ሥር ተዘግታ ነው ይላል። መድኃኒቷን ትወስዳለች፤ ጠዋትና ማታ ትንሽ ኳስ ትጨምቃለች። ምላሷ ምንም አልሆነም፤ እንዲያውም ብሶበታል። በስልክ እንዳልነግርሽ አስምላኛለች። ስለ ደብዳቤ ግን የተባለ ነገር የለም።

ሥራው በጅምር እንዳይቀር እኔ ተተካሁ። እሷ ከሶፋው ላይ ሆና ትቆጣጠራለች።

«ቀስ በል እንጂ መምህር! ክር ነው፣ የተማሪ ጆሮ አይደለም።»

በሁለተኛው ቀን፣ ጋደም ባለችበት ሰዓት፣ የሠራችውን ከላይ እስከ ታች መረመርኩ። ሃያ አራተኛው ዙር ላይ አንድ ችካል ተዘሏል፤ ቀዳዳ ትቷል። እስከዚያው ድረስ ተረተርኩት፤ ከእሷ ሥራ ስምንት ዙር መሆኑ ነው። ስትነቃ ክሩ ጭኔ ላይ ተከምሮ አየችው።

«ቀይ እስክሪብቶህ እዚህም ደረሰ?»

«ስህተት ነበረበት» አልኳት።

«በእጄ የሠራሁላት የመጨረሻው እሱ ነበር» አለችና ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። እስከ ማግስቱ አላናገረችኝም።

በዚያ ዝምታ ውስጥ ደብዳቤሽ ትዝ አለኝ። ሦስት ዓመት ሊሞላው ነው። አራት ገጽ ጽፈሽልኝ ነበር። እኔ አሥራ አንድ ስህተት በቀይ አስምሬ መለስኩልሽ፤ አርመሽ የምትልኪው መስሎኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ ስትደውዪና ስልኩን እኔ ሳነሳ «እማዬን ስጠኝ» ነው የምትዪው። አልወቅስሽም፤ የሆነውን መጻፌ ነው። አራቱን ገጽ ዛሬ ላስታውስ ብሞክር፣ አሥራ አንዱን ስህተት አንድ በአንድ አውቃቸዋለሁ። ምን እንደጻፍሽልኝ ግን ጠፍቶብኛል።

ሹራቡ ስድሳ ዙር ሆኖ አልቋል። የመጀመሪያዎቹ ሃያ ሦስቱ የእናትሽ ናቸው፤ ላላና ለስለስ ያሉ ናቸው። የእኔ ጠብቀዋል፤ የዓይነ ስውር እጅ እንኳ ይለየዋል። ለሁለት አጥፈሽ በእሷ በኩል ያለውን ወደ አንገትሽ፣ የእኔን ወደ ውጭ አድርጊው። አሥራ ሰባተኛው ዙር ላይ ሁለት ክር በአንድ ላይ ተስቦ እብጠት ሠርቷል። በጣትሽ ብትዳብሺው ታገኚዋለሽ። ከዚያ ቀን በኋላ አይቼዋለሁ። አልነካሁትም።

ያ ደብዳቤ ካልጣልሽው መልሰሽ ላኪልኝ። ላነበው ነው።

እናትሽ «አንገትሽን ብርድ፣ ልብሽን ሐሳብ አይንካው በልልኝ» ብላለች። እንዳለችው ጽፌዋለሁ፤ እኔም አሜን እላለሁ።

አባትሽ