ክዳኑ ላይ የሚጻፈው ቀን

ማክሰኞ፣ ወሩ በገባ በአሥራ አንደኛው ቀን
ከጠዋቱ አራት ሰዓት

ለምወድሽ ልጄ፣

ሰላምታዬ እንዳለ ሆኖ ዋናውን ነገር አስቀድሜ ልንገርሽ። ቅዳሜ ወይም እሑድ ከሕንጻችሁ ሥር ካለው ሱቅ የልጅሽን ወተት ገዝተሽ ከሆነ፣ ጣሳውን ገልብጠሽ ቀኑን እዪው። ባለፈው ወር ያለቀበት ከሆነ እንዳትከፍቺው። ከፍተሽው ከሆነም ከእንግዲህ አንዲት ማንኪያ እንዳትሰጪው። ዕቃው የወጣው ከእኔ መደርደሪያ ነው፤ ጥፋቱም የእኔ እንጂ የማንም አይደለም።

ይህ ደብዳቤ ከመጋዘናችን ሹፌር ጋር ነገ ጠዋት እንደሚደርስሽ፣ ለማስጠንቀቂያም እንደሚዘገይ አውቃለሁ። ግን እጄን አጣጥፌ መጠበቅ አልቻልኩም። ከማለዳ ጀምሮ ስድስት ጊዜ ደወልኩልሽ። መልእክትም ላክሁ፤ አንዷ ምልክት ታየች፣ ሁለተኛዋ እምቢ አለች። አክስትሽ ጋ ብደውል፣ «ክፍል ስትገባ ስልኳን ትዘጋለች፤ ከሰዓት ካልሆነ አታገኛትም። እኔም እሞክራለሁ፣ አንተ ግን እባክህ አንድ ቦታ ተቀመጥ» አለችኝ። የት ልቀመጥ? ጠዋት ጠዋት ልጁን የሚይዙልሽ አማትሽ እንደሆኑ፣ ዓይናቸውም እንደደከመ ከእሷው ሰምቻለሁ። ጣሳው ሥር ያለችውን ደቃቃ ቁጥር ማን ያነብላቸዋል? ይህን እያሰብኩ ከበሩ እስከ ሰባተኛው መደርደሪያ ስመላለስ ጫማዬ ሊያልቅ ነው።

ባለሱቋን ሁለት ሰዓት ላይ አገኘኋት። የላክንላት አራት ጣሳ ነው። ሦስቱን አውርዳ ቀናቸውን በስልክ አነበበችልኝ፤ ሦስቱም አልፎባቸዋል። አራተኛው የለም። ቅዳሜ ሱቅ የዋለችው እህቷ ስለሆነች ማን እንደወሰደው አታውቅም፤ እህቷም ስልኳን ቤት ጥላ ገበያ ሄዳለች። «ይህን ወተት ግን ከአስተማሪዋ በቀር የሚገዛኝ የለም» አለችኝ። ፎቅ ወጥታ እንድታንኳኳ ለመንኳት። ወጣች፣ የከፈተላት የለም። አማትሽ ልጁን ፀሐይ ሊያሞቁ ወጥተው ይሆናል፤ ወይም ሐኪም ቤት ወስደውት ይሆናል። ሁለቱንም አስቤያለሁ፤ ሁለተኛውን ደጋግሜ።

የጥራት ተቆጣጣሪያችን «ጋሼ፣ አንድ ወር ስላለፈው መርዝ አይሆንም፣ ጉልበቱ ነው የሚቀንሰው» ብላ ልታረጋጋኝ ሞከረች። እሷ የምታውቀው ወተቱን ነው። ተራ ወተት ቀምሶ ሦስት ቀን ሐኪም ቤት የተኛውን ልጅ አታውቀውም። እኔም በዓይኔ አላየሁትም፤ ግን አክስትሽ ያን ጊዜ ስትነግረኝ የዋልኩትን ውሎ እኔ ነኝ የማውቀው።

እንዴት እንደሆነ ልንገርሽ፤ ሳልነግርሽ ከቀረሁ አያስቀምጠኝም። ሥራዬን ታውቂያለሽ፤ እራት ላይ ስለሌላ ነገር አያወራም እያላችሁ እናትና ልጅ ስትስቁብኝ ነበር። ቀኑ ቀድሞ የሚያልቅ ዕቃ ከፊት፣ የሚቆየው ከኋላ። አዲስ በመጣ ቁጥር አሮጌውን ወደ ፊት ስቦ አዲሱን ከጀርባው መደርደር ነው። ትዕዛዝ ሲመጣ ኮምፒውተሩ የቱ እንደሚወጣ ይናገራል፣ እኛ በስካነር አይተን እናወጣለን። በልጅነትሽ ሱቅ ስንገባ አንቺም የያዝሽውን ሁሉ ትገለብጪ ነበር። አንድ ባለሱቅ «ይቺን ተቆጣጣሪ ከየት አመጣሃት?» ብሎኝ፣ እኔ እስከ ቤት ድረስ ስኮራ ሄጃለሁ።

አክስትሽ ልጁ የሚጠጣው ይሄ ልዩ ወተት ብቻ እንደሆነ የነገረችኝ ቀን፣ የሱቃችሁን ትዕዛዝ ከዝርዝሩ ላይ ፈለግሁት። አገኘሁት። በየሁለት ሳምንቱ አራት ጣሳ። ከዚያ ወዲህ የዚያን ሱቅ ትዕዛዝ ሌላ ሰው እንዲያወጣው አልፈቅድም ነበር። ጣሳው ሥር ያለው ቁጥር ለዓይን ስለሚያስቸግር፣ ክዳኑ ላይ የሚያልቅበትን ወርና ዓመት በጥቁር ማርከር በደንብ አጉልቼ እጽፋለሁ። ለሌላ ሱቅ አልጽፍም። ኃላፊው አንዴ አይቶ «ይሄ ደግሞ ምን ጣጣ ነው?» ሲለኝ፣ «ደንበኛው ጠይቆ ነው» ብዬ ዋሸሁት።

አምና ወተቱ ከገበያ ጠፋ። ታስታውሺያለሽ፣ ያኔ ልጁ ገና አራት ወሩ ነበር። የቀረን ሁለት ካርቶን ብቻ ሆነና ትዕዛዙ ከየቦታው ሲጎርፍ ፈራሁ። አንዱን፣ ስድስት ጣሳ ያለውን፣ ሰባተኛው መደርደሪያ አናት ላይ ከፋሻዎቹ ጀርባ ደበቅሁት። በስካነር ቦታውን አላስመዘገብኩም፤ ባስመዘግበው ኮምፒውተሩ ለሌላ ያዝዘዋል። ካርቶኑ ላይ በትልቁ የሱቃችሁን ስም ጻፍኩ። ቀኑን ግን ስልከው እጽፈዋለሁ ብዬ ተውኩት። በሳምንቱ አዲስ ዕቃ በመኪና ሙሉ መጣ፤ ከአዲሱ ላክሁልሽ፣ ያንንም ረሳሁት። ዓመታዊው ቆጠራ ላይ አንድ ካርቶን ጎደለ ሲባል እንኳ ትዝ አላለኝም። ቤቴ ውስጥ የጨው ዕቃ ላይ ሳይቀር ቀን የምጽፍ ሰውዬ፣ ጎረቤት የሚስቅብኝ፣ ያን ረሳሁ።

ሐሙስ ዕለት ገቢ ዕቃ እንድረከብ ወደ በሩ ላኩኝ፤ ትዕዛዝ ሲያወጣ የዋለው ሰንበሌጥ የምንለው ረጅሙ ሠራተኛችን ነው። ዛሬ ጠዋት ፋሻ ላወርድ መሰላል ብወጣ፣ ያ ካርቶን ተከፍቶ ሁለት ጣሳ ቀርቶት አገኘሁት። አንዱን ገለበጥኩት፤ ቀኑ አልፏል። መሰላሉን ይዤ ቆምኩ፣ መውረድ አቃተኝ።

«ይሄን ማን ነው የከፈተው?» አልኩ።

«እኔ ነኝ ጋሼ፤ ለዚያ ለእርስዎ ሱቅ አራት ጣሳ ጎድሎብኝ» አለኝ። «የሱቁን ስም ስላየሁበት ተቀምጦለታል ብዬ ነው።»

«ስካነሩስ?»

«አላውቀውም አለኝ። ቁጥሩን በእጄ አስገባሁት።»

«ቀኑን አላየህም?»

«የእርስዎ ጽሑፍ ነበረበት» አለኝ፣ ምን አጠፋሁ በሚል ዓይን እያየኝ። «እርስዎ የጻፉበትን ደግሞ ማን ይፈትሻል?»

እንዲህ ያስተማርኩት እኔው ነኝ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ጆሮው እስኪግል እጮህበት ነበር፤ ዛሬ ከመሰላሉ ወርጄ ቀጥታ ኃላፊው ቢሮ ገባሁ። ሁሉንም ነገርኩት፤ መደበቄንም፣ አለማስመዝገቤንም፣ የክዳኑንም ውሸት። ከዚያ ሱቅ የሚገዛው ማን እንደሆነ ሲጠይቀኝ ግን «ልጄ» ማለቱን ትቼ ጣሳውን ጠረጴዛው ላይ ገልብጬ አኖርኩለት። እሱም ገባው መሰለኝ፣ አልደገመውም።

ስድስት ተኩል

የምሳ ሰዓት ነው። አልበላሁም። ባለሱቋ እስካሁን አልደወለችም።

ስልኬ የደረት ኪሴ ውስጥ ነው፤ ኃላፊው ለዛሬ ፈቀደልኝ። መጋዘን ውስጥ ስልክ እንደማይገባ ታውቂያለሽ፤ ከአንቺ በላይ የሚያውቀውም የለም። እናትሽ ያረፈች ዕለት ስልኬ ሎከር ውስጥ ተቆልፎበት ነበር። ቆጠራ ላይ ነበርኩ። አሥራ አንድ ጊዜ ደውለሽ ነበር፤ ማታ ስከፍተው አየሁት። ከቀብር ስንመለስ በር ላይ ያልሽኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፣ «ቆጠራው አለቀልህ?» ሁለት ዓመት ሙሉ ያቺ ጥያቄ ጠዋት አብራኝ ትነሳለች። ዛሬ ተራው የእኔ ሆኖ፣ የማይነሳ ስልክ ስደውል፣ አንቺ ያን ቀን ምን እንደሆንሽ ገባኝ። ይቅርታ አድርጊልኝ ልጄ። ይህን በቃሌ ልነግርሽ ስንት ጊዜ ተነስቼ ስንት ጊዜ እንደተቀመጥኩ አልነግርሽም።

አሁን ደግሞ ስልኩ የጮኸ እየመሰለኝ አሥሬ አወጣዋለሁ። ሰንበሌጥ «ጋሼ፣ እንዲህ ካዩት ባትሪው ራሱ ይፈራል» አለኝ። ሳቅ እንኳ አልመጣልኝም።

ስምንት ሰዓት ከሩብ

ባለሱቋ ደወለች።

«አባቴ፣ አይጨነቁ፣ ጣሳው ይኸው እጄ ላይ ነው» አለችኝ። «አልተከፈተም። እህቴ መሳቢያ ውስጥ አስቀምጣው፣ ልትነግረኝ ረስታ ነው።»

«ማንም አልወሰደውም?»

«አስተማሪዋ ቅዳሜ አንስታው ነበር። ክዳኑን አየችው፣ በጣቷም አበስ አበስ አደረገችው። ባዶ ነው። ከዚያ ገልብጣ ሥሩን አነበበችና ባንኮኒው ላይ መልሳ አስቀመጠችው። ‹ክዳኑ ላይ የሚጽፈው ሰውዬ የለም እንዴ? ታሞ ነው?› አለች። እህቴ ‹እኔ በምን አውቃለሁ፣ ታውቂዋለሽ?› ብትላት፣ ‹ጽሑፉን አውቀዋለሁ› አለቻት።»

ልጁ ታዲያ ምን እየጠጣ ነው አልኳት። ግማሽ ጣሳ እንደቀረሽና እስከ ረቡዕ እንደሚያደርስሽ ለእህቷ ነግረሻት ነበር። ደግሞ እሑድም ወርደሽ፣ ትናንትም ከሥራ ስትመለሺ ጎራ ብለሽ፣ ስለዚያ ሰውዬ የተሰማ ነገር አለ ወይ ብለሽ እህቷን ጠይቀሻታል።

ስልኩን ዘግቼ ዕቃ የሚደረደርበት የእንጨት ፓሌት ላይ ተቀመጥኩና አለቀስኩ። ሰንበሌጥ ውሃ ይዞ እየሮጠ መጣ፤ «ጋሼ፣ ሰው ሞተ እንዴ?» አለኝ። የለም፣ ማንም አልሞተም አልኩት። ውሃውን ጠጣሁ።

ቁጣዬ ገና አልበረደም፣ በራሴ ላይ ነው። ደስታዬም አለ፤ የቱ እንደሚበልጥ አላውቅም፣ አሁንም አንድ ቦታ መቀመጥ አልቻልኩም። ያቺን ጣሳ ብትከፍቻትስ ኖሮ እያልኩ ደጋግሜ አስባታለሁ። ደግሞ ዓመት ሙሉ ክዳኑን እያየሽ፣ የማን እጅ እንደሆነ እያወቅሽ ዝም ብለሽ ስትወስጂ እንደኖርሽ አስባለሁ። እኔ እንደማታውቂ አድርጌ ነበር የምጽፈው።

ጥያቄሽን የባለሱቋን እህት ብትጠይቂያትም መልሱ ከእኔ ይሁን። አልታመምኩም። ጉልበቴ ደረጃ ሲሆን ያጉረመርማል፣ ሌላ የለኝም። ሐሙስ የጠፋሁት በር ላይ ተልኬ ነው።

ኃላፊው ጉዳዩ እስኪጣራ ከነገ ጀምሮ ለሁለት ሳምንት ከሥራ አግዶኛል። አልከፋኝም፣ ይገባኛል። ቤት ምን እንደምሠራ ግን እንጃ፤ ጨው ላይ ያለውን ቀን ሳነብ መዋል ነው። ሹፌሩ ነገ ማለዳ ነው ወደ እናንተ የሚነሳው፣ ከጎኑ ያለው ወንበር ባዶ ነው ይላል። መንገዱም ተጠግኖ አራት ሰዓት ብቻ ይፈጃል አሉ። እንዲያው ወሬ ላብዛልሽ ብዬ ነው።

አማትሽን በጣም አድርገሽ ሰላም በዪልኝ፤ ባለቤትሽንም። ልጅሽ ሆዱ ይርጋልሽ፣ እንቅልፉ ይጣፍጥልሽ፣ እንዳንቺ ዕቃ የሚገለብጥ ሰው ያድርግልሽ። አንቺንም ክፉ ነገር በሄድሽበት አያግኝሽ፤ የእናትሽ ምርቃት አይለይሽ፣ የእኔም ከተቆጠረልኝ ይጨመርበት።

አባትሽ

አራት አዲስ ጣሳ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬያለሁ። ሰንበሌጥ በስካነር አይቶታል፣ ኃላፊውም እላዬ ላይ ቆሞ አይቶታል። ክዳኑ ላይ እኔ ጽፌበታለሁ። አንቺ ግን ገልብጠሽ እዪው።