የወይዘሮ ሮዛሊንድ ፋይንጎልድ ዕረፍትና አሥራ ሰባተኛው መግቢያ

የኩዊንስ የሙዚቃ ቲያትር ወዳጆች ማኅበር ለሃያ ስድስት ዓመታት በጸሐፊነት ያገለገሉትን የወይዘሮ ሮዛሊንድ ፋይንጎልድን ዕረፍት ለአባላቱና ለወዳጆቹ የሚያስታውቀው በከባድ ሐዘን ነው። ወይዘሮ ሮዛሊንድ በተወለዱ በ84 ዓመታቸው ማክሰኞ እ.ኤ.አ. ሜይ 14 ቀን 2019 አርፈዋል።

በፍርድ ቤት ቃል ጸሐፊነት ሠላሳ አንድ ዓመት ሠርተዋል። ቀን የምስክሮችን ቃል በሚይዙበት አጭር ጽሕፈት፣ ማታ ከቲያትር ቤት የኋላ ረድፍ ቆመው የዘፈን ግጥም ይይዙ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1993 ጸሐፊ ሆነው ሲመረጡ ያስወሰኑት ደንብ ዛሬም ይሠራል። ቲያትር ቤቶች በሚዘጉበት በሰኞ ስብሰባችን ማንኛውም ዘፈን ከአዝማቹ አይጀመርም፤ ከአዝማቹ በፊት ያለው፣ ዘፋኞች ዘወትር የሚዘሉት መግቢያ ይዘፈናል። ከዚያም በፊት የደራሲዎቹ ስም ይጠራል፤ የግጥሙ ቀድሞ፣ የዜማው ተከትሎ።

በ2004 አንድን መግቢያ ለዓመታት በሌላ ገጣሚ ስም ሲያስጠሩ መቆየታቸውን ደረሱበት። ለ212 አባላት በየስማቸው ደብዳቤ ጻፉ። «ስሕተቱ የእኔ፣ ግጥሙ የአይዳ ብሮንፌልድ ነው» ይላል።

ከዚያ ወዲህ የተረሳችውን ገጣሚ የአይዳ ብሮንፌልድን አሥራ ሰባት ዘፈኖች መግቢያ ሲያሰባስቡ ኖሩ። አሥራ ስድስቱ ተሟልተዋል። በ1938 መታየት ጀምሮ በዘጠኝ ቀኑ ከተቋረጠ ቲያትር የቀረው የአሥራ ሰባተኛው ዜማ ተገኝቷል፤ ቃሉ አልተገኘም።

ሁሉንም በአንድ ምሽት ለማቅረብ በማርች በተደረገው ስብሰባ፣ ፒያኖ ተጫዋቻችን አቶ ሳል ቪታሌ ከወይዘሮ ሮዛሊንድ ጋር የተነጋገሩት በቃለ ጉባኤው ሰፍሯል።

«ሮዝ፣ ሰው የሚፈልገው አዝማቹን ነው። መግቢያውን እስክንጨርስ ግማሹ ኮቱን ለብሶ ወጥቷል።»

«ይውጣ። አንተ ግን ተቀመጥና ከመጀመሪያው ጀምር።»

«የአሥራ ሰባተኛው ቃል ባይገኝስ?»

«ዜማውን ብቻ ትጫወታለህ። ከኪስህ አንዲት ቃል እንዳትጨምርባት፣ አውቅሃለሁ።»

ይህን ቃለ ጉባኤ የያዙት ወይዘሮ ሮዛሊንድ ራሳቸው ናቸው። ምንም አልቀነሱም።

ከዕረፍታቸው በኋላ ዝግጅቱ ለሌላ ጊዜ እንዲተላለፍ ሐሳብ ቀርቦ ነበር። የሥራ አመራሩ አልተቀበለውም። ዝግጅቱ በተያዘለት ቀን፣ ሰኞ ጁን 17 ከምሽቱ 1 ሰዓት ይካሄዳል። አቶ ቪታሌ ከአዝማቹ እንደማይጀምሩ በፊርማቸው አረጋግጠዋል።

በፒያኖ ወንበሩ ሣጥን ውስጥ የ1938 አካባቢ የኖታ ወረቀት ያስቀመጠ ሁሉ እስከ ጁን 14 ለጽሕፈት ቤቱ እንዲያሳይ እንጠይቃለን። ቃሉ ካልተገኘ ዜማው ብቻውን ይሰማል፤ በዚያን ጊዜ ማንም አይዘፍንም፣ ማንም አያንጎራጉርም።

ቤተሰቡ እስከ ረቡዕ ሜይ 22 ጠዋት በፎረስት ሂልስ መኖሪያቸው ለሐዘን ይቀመጣል። ማኅበሩ ለልጃቸው ለወይዘሪት ናኦሚ፣ ለቀድሞ የሥራ ባልደረቦቻቸውና አብረዋቸው ከኋላ ረድፍ ለቆሙ ሁሉ መጽናናትን ይመኛል።

ጁን 17 ቀን የገጣሚዋ ስም ይጠራል፤ የዜማው ደራሲ ስም ይከተላል፤ ሦስተኛ የወይዘሮ ሮዛሊንድ ፋይንጎልድ ስም ይጠራል። ከዚያ ከመግቢያው እንጀምራለን።