አባቴን ወደ ደጃፉ ስለመለሰው የካምቢዮ ዘይት

ለከተማችን ማዘጋጃ ቤት የተሽከርካሪ ጥገና ክፍል ኃላፊ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዲሰነብት፣ እርስዎም ከወንበርዎ ሳይነቃነቁ እንዲቆዩልን ከልብ እመኛለሁ። እኔ ከመቃብሩ ዳገት ግርጌ የምኖር፣ ባለፈው ክረምት አባቴን የቀበርኩ ሰው ነኝ። የቀበርኩትም በእርስዎ መልካም ፈቃድ በሁለተኛው ሙከራ ስለሆነ፣ ምስጋናዬን በአደባባይ ለማቅረብ ተገድጃለሁ።

፩. የአስከሬን መኪናዎ አባቴን ይዞ ዳገቱን እኩሌታ ከወጣ በኋላ ሞተሩ እያጓራ ማርሹ አልይዝ ስላለ፣ ሾፌሩ ፍሬን እየረገጠ ቀስ በቀስ ወደ ኋላ አወረደው። ሜዳው የሚጀምረው በእኛ ደጃፍ ነውና የቆመው እዚያው ነው። የሞኝ ለቅሶ መልሶ መላልሶ ሲባል እሰማ ነበር፤ ሟቹን ራሱን የሚመልስ መኪና መኖሩን ግን ያወቅሁት በእርስዎ ነው። እናቴ ጉልበቷ ዳገቱን ስለማይችል ከሴቶቹ ጋር ቤት ቀርታ ነበር። የመኪናውን ጀርባ በመስኮት ስታይ ተነሥታ ወጣች፤ የግቢውን በር ወለል አድርጋ ከፈተችና «ተመለሰ» አለች። ሳጥኑን አውርደን በትከሻችን ተሸክመን ስንወጣ፣ የመጣውን ሰው አስገድዳችሁ ወሰዳችሁት ብላ ተቀየመችን። እስከ ዛሬም አልታረቀችንም።

፪. ቢሮዎ ድረስ መጥቼ አቤት ስል፣ ወንበር ስበው አስቀምጠው ስላስተማሩኝ አመሰግናለሁ። የካምቢዮው ዘይት መኪናው ከተገዛ ጀምሮ እንዳልተቀየረ፣ ጠቁሮም የተቃጠለ ሽታ እንዳመጣ አልደበቁኝም። የቆየ ዘይት አይነካም፣ ካምቢዮውን አጣብቆ የያዘው እድፉ ነው፣ አዲስ ዘይት ከገባ አጥቦ ይገድለዋል አሉኝ። እድፍ ነገርን አያይዞ እንደሚያቆም፣ ስወጣ የመሥሪያ ቤትዎን ኮሪደር እያየሁ አመንኩ። ሆኖም በጊዜው ቢቀየር ኖሮ እድፉም ባልተጠራቀመ ነበር፤ ሳይቃጠል በቅጠል የተባለው ለዘይትም ሳይሠራ አይቀርም። ካምቢዮው እንዳይሞት ይህን ያህል መጨነቅዎ ልብ ይነካል፤ መኪናው የሚጭናቸውን ግን አንዴ ሞተው እንዲያርፉ ቢፈቅዱላቸው ደግ ነበር።

፫. ከዚያ ወዲህ የግቢያችን በር አይቆለፍም። እኔ ስቆልፈው እሷ ትከፍተዋለች። የሌላ ሰው ቀብር ኖሮ መኪናው በደጃችን አልፎ ዳገቱ ላይ ሲያጓራ፣ የያዘችውን ሥራ ትታ ትነሣና የአባቴን ነጠላ ጫማ አውጥታ ከበሩ ሥር ታስቀምጣለች። ድምፁ ርቆ ሲጠፋ ደግሞ፣ እንግዳ እንደቀረባት ሴት፣ ጫማውን አንሥታ አንገቷን ደፍታ ትገባለች። እየሳቅሁ የምጽፍ እንዳይመስልዎ። መንፈስ ቅብጥርሴ ሲሉኝ የማልሰማው ሰውዬ፣ ያ ሞተር ሲያጓራ ከእሷ ቀድሜ መስኮቱ ዘንድ እገኛለሁ። እፈራለሁ፤ የምፈራው መመለሱን ይሁን አለመመለሱን ግን ለይቼ አላውቅም።

ስለዚህ በታላቅ ትሕትና የምለምንዎ፣ ካምቢዮውን አስፈትተው እንዲያስመረምሩና ዘይቱን እንዲያስቀይሩ ነው። ቀጥሎም አንድ ቀን እቤታችን ብቅ ብለው፣ ያን ዕለት መኪናውን የመለሰው ዘይቱ እንጂ አባቴ እንዳልነበረ ለእናቴ ቢነግሩልኝ ውለታዎን አልረሳም። እኔ ብነግራት የልጅ ወሬ ሆነባት፤ ማኅተም ያለው ሰው ቢናገር ታምን ይሆናል።

ከዳገቱ በላይ ያሉት እስኪያርፉ፣ ከዳገቱ በታች ያለነውም እንቅልፍ እስኪወስደን ድረስ፣ ዘወትር ደጅዎን የምጠና አክባሪዎ ነኝ።

ከግርጌው ቤት

ማስታወሻ፦ ደብዳቤውን ከመላኬ በፊት ለእናቴ አነበብኩላት። እስከ መጨረሻው ሰምታ፣ ዘይቱ ከተቀየረ አባትህ በምን ይመጣል ስትል ጠየቀችኝ። መልሱ ከእኔ አቅም በላይ ስለሆነ፣ ጉዳዩን ለሚመለከተው ክፍል፣ ለእርስዎ፣ መርቼዋለሁ።