በቁሟ ስለተገነዘችው ላዳችን

ይድረስ ለተከበሩ አቶ ማሙሸት፣
የወረዳችን የደንብ ማስከበር ቡድን መሪ፤
ባሉበት።

ጉዳዩ፦ ነገ ሐሙስ ጠዋት በክሬን ትነሳለች ስለተባለችው መኪና

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰንብተዋል እላለሁ። ልብዎ፣ ጉበትዎ፣ ወገብዎ፣ ሁሉም በየቦታው ሥራውን እየሠራ እንዲያቆይልዎ ጸሎቴ ነው፤ ለኩላሊትዎ ደግሞ ለብቻው አጥብቄ እጸልያለሁ፤ ምክንያቱን ዝቅ ብለው ያገኙታል።

እኔ በለጥሻቸው እባላለሁ። ከጭድ ተራ ወደ አማኑኤል በሚያስወጣው ቅያስ፣ እርስዎ በቀይ ቀለም ምልክት ያደረጉባት ሰማያዊ ላዳ ከቆመችበት ደጃፍ ነው የምኖረው። ባለቤቴ አቶ ብሥራት በዚችው ላዳ ታክሲ ሠርተው ልጆች አሳድገው ድረዋል፤ አሁን ኩላሊታቸው ሥራ አቁሞ ሰኞና ሐሙስ ደማቸውን በማሽን ያሳጥባሉ። ወስጄ የማመጣቸው እኔ ነኝ። መንጃ ፈቃድ ያወጣሁት ጸጉሬ ከሸበተ በኋላ ስለሆነ፣ መሪ ይዤ ብቅ ስል የሰፈራችን ክርስቲያን እስካሁን ያማትባል፣ እስላሙም ቢስሚላሂ ይላል። ይህን ካወቁልኝ ዘንዳ ምስጋናዬንና ቅሬታዬን እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ባለፈው ዓርብ በመኪናዋ በር ላይ በሙጫ ስለለጠፉት ማስታወቂያ ከልብ አመሰግናለሁ። ማስታወቂያው ላዳችን «ባለቤቱ ያልታወቀ፣ አገልግሎት የማይሰጥ፣ የተጣለ ተሽከርካሪ» እንደሆነች፣ እስከ ሐሙስ ጠዋት ካልተነሳችም በክሬን ተጭና ወደ ቁርጥራጭ ብረት መጣያ እንደምትሄድ ያስረዳል። በዚያች ሰዓት እኔ ፍሬኗን ለማየት ከመኪናዋ ሥር በጀርባዬ ተኝቼ ነበር፤ እግሮቼ ከነነጠላ ጫማዬ ወደ ውጭ ወጥተው ይታዩ ነበር፤ እርስዎም ሲለጥፉ እንዳይረግጡኝ ተጠንቅቀው ተራምደውኛል። ስለ ጥንቃቄዎ እግዜር ይስጥልኝ። ጎንበስ ብለው «ይህ የማን እግር ነው?» ቢሉ ኖሮ ግን ለሙጫውም ለቀለሙም ባልደከሙ ነበር።

ሁለተኛ፣ ላዳችን የሞተች መምሰሏን አልክድም፤ እንዴት እክዳለሁ፣ በቁሟ የገነዝኳት እኔው ነኝ! መኪናውን መርካቶ ደጅ የሚያሳድር ሰው እንደሚያውቀው፣ ጤነኛ የምትመስል መኪና ሳትበለት አታድርም። ስለዚህ ከሆስፒታል በተመለስን ቁጥር የጎን መስታወቶቿን፣ ስፖኪዮዎቿን ማለቴ ነው፣ ፈትቼ ቤት አስገባለሁ፤ የዝናብ መጥረጊያዎቿን ነቅዬ ከወጥ ማማሰያው ጎን እሰቅላለሁ፤ የተቀደደ ሸራ እጥልባታለሁ፤ ጎረቤቴ ሀፍሷም በርበሬ ነጋዴ ናትና ኮፈኑ ላይ በርበሬዋን ታሰጣለች። ባለቤቴ በርጩማቸው ላይ ተቀምጠው ሥራችንን ይገመግማሉ፤ «እዚያች ጋ ደግሞ ትንሽ ጭቃ ጨምሪ» ብለው ያዙኛል። እንዲህም ሆኖ ሌባው አላመነም፤ አምና አንዱን ፍሬቻ አንዲት የበርበሬ ዛላ እንኳን ሳያወድቅ ፈልቅቆ ወስዶብናል። የሰፈሩ ሌባ ያልተቀበለንን ሞት ባንድ እይታ የተቀበሉን እርስዎ ብቻ ነዎት። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይኸው ነው፤ ሌባውን ፍለጋ የወጣ ደንብ አስከባሪ እስካሁን አላየሁም፣ ከሌባ የተደበቀችዋ ግን ተያዘች።

ሦስተኛ፣ ሟቿ መኪናችን ሰኞ ዕለት ማስታወቂያዎን በሯ ላይ እንደተሸከመች ባለቤቴን ሆስፒታል አድርሳ መልሳለች። መብራት ላይ አጠገባችን የቆመው ሁሉ እያነበበ ከንፈሩን ሲመጥልን ዋለ። ስንመለስ ፍሬኗ አልይዝ ስላለኝ፣ ማክሰኞ ሶማሌ ተራ ጀማለዲን ከሚባለው መለዋወጫ ሻጭ ዕቃውን ገዝቼ መጣሁ፤ መኪናዋን በክሪክ አንስቼ፣ የፊት ጎማዋን ፈትቼ፣ ድንጋይ ላይ እንዳስቀመጥኳት ደንብ አስከባሪ ልጆችዎ ከተፍ አሉ። «ሕገ ወጥ የመንገድ ጋራዥ» ብለው ክሪኬን ወረሱት። ከጎረቤት ተውሼ እንዳልጨርስም ሁለቱ እስከ አሁን ደጃፌ ላይ ቆመው ይጠብቁኛል፤ ቆመው እንዳይደክሙ ወንበር አውጥቼላቸዋለሁ። እንግዲህ ክቡርነትዎ መኪናዋን አንሺ ብለው አዘዙኝ፤ ጎማዋን እንዳላስር ከለከሉኝ፤ በሦስት ጎማ ደግሞ ቢገፏትም አትሄድ። ኧረ በሕግ! የቀረኝ መንገድ መብረር ብቻ ነው፤ የዚያን ፈቃድ ደግሞ ወረዳው የሚሰጥ አይመስለኝም።

ጋራዥ ለምን አትወስጃትም እንደሚሉኝ አውቃለሁ። አንድ ጊዜ ወስጃት «ነገ ነይ» እያሉ ሳምንታት አስቀምጠውብኛል። ኩላሊት ደግሞ ነገ ነይ አያውቅም። ባለቤቴ በበርጩማቸው ሆነው እየነገሩኝ፣ እኔ ከሥር ሆኜ እየፈታሁ፣ ብሎን ሲጠፋብን እየተቆጣን፣ ሲገኝ እየሳቅን ይኸው እዚህ አድርሰናታል።

አራተኛ፣ ዛሬ ጠዋት ሊብሬዋን ይዤ ቢሮዎ መጥቼ ነበር፤ እርስዎ ስብሰባ ላይ ነበሩ። ጸሐፊዎ ትሕትናዋ የሚያስቀና ልጅ ናት። መዝገቡ የተከፈተው ባለቤቱ ባልታወቀ ንብረት ስም ስለሆነ፣ ከባለቤት የሚመጣ አቤቱታ መቀበል እንደማይቻል በለሆሳስ አስረዳችኝ። ሊብሬውን ዘርግቼ የአቶ ብሥራትን ስም አሳየኋት። እሷም አንብባ፣ እውነትም ባለቤት አለው ብላ ካዘነችልኝ በኋላ፣ ባለቤቱ እስኪታወቅ ድረስ እንድታገሥ መከረችኝ።

ክቡር ሆይ፣ ቀልዱን እዚህ ላይ ልተወው፤ ፈርቻለሁ። ባለፈው ክረምት ባትሪዋ ሞቶ አንድ እጥበት አምልጦን ነበር። የባለቤቴ እግር አበጠ፤ ትንፋሽ አጠራቸው፤ ጋደም ማለት አቅቷቸው ደረቴ ላይ ተደግፈው ሲያቃስቱ ሰነበቱ። ሐኪሙም ይህ ሁለተኛ ቢደገም እንዳትወቅሺኝ ብሎ በቁጣ ነግሮኛል። ሌላ ታክሲ ያዢ እንዳይሉኝ፣ ይዤ አይቼዋለሁ፤ ከእጥበት ሲወጡ ስለሚያስመልሳቸው አንዴ የጫነን ሾፌር ሁለተኛ ሲያየን ፊቱን ያዞራል፤ አልፈርድበትም። ሚኒባስ ሰልፍ ላይ የሚቆሙበት ጉልበት ደግሞ የላቸውም። የላዳዋን የፊት ወንበር ነቅዬ ፍራሽ ያነጠፍኩት ለዚህ ነው። «አገልግሎት የማይሰጥ» ያሏት መኪና የባለቤቴ እግር ናት፤ ሌላ እግር የለንም።

ልመናዬ አጭር ነው፤ ክሪኬን ይመልሱልኝ፣ ጠባቂዎቹንም ያንሱልኝ። ፍሬኗን ገጥሜ ጎማዋን ለማሰር ከእራት በፊት ያለው ሰዓት ይበቃኛል። ነገ ጠዋት ክሬንዎ ሲመጣ ቦታውን ባዶ ያገኘዋል። ከሰዓት በኋላ ግን ተመልሰን እንመጣለን፤ ስፖኪዮዋን ፈትቼ፣ ሸራዋን አልብሼ፣ በርበሬዋን አስጥቼ እንደገና እገንዛታለሁ፤ ይህን ከእርስዎ አልደብቅም።

ለቅያሳችን ውበት እንቅልፍ አጥተው ስለሚተጉልን ውለታዎን ከፋይ ያድርገን እያልኩ፣ ረጅም ዕድሜ ከሁለት ጤነኛ ኩላሊት ጋር እመኝልዎታለሁ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
በለጥሻቸው፣
የተጣለው ተሽከርካሪ ተጠሪ፣ ከነእግሮቿ

ግልባጭ፦
አምና ፍሬቻችንን ለወሰደው ወንድማችን፤ መኪናዋ በሕይወት መኖሯን ቀርቦ በመመስከር እንዲተባበረን።

ማሳሰቢያ፦ ክሪኩ እስከ ነገ ጠዋት ካልመጣ፣ ባለቤቴን አለባብሼ መኪናዋ ውስጥ ፍራሻቸው ላይ አስተኛቸዋለሁ፤ እኔም መሪው ላይ እቀመጣለሁ። ክሬን ነጂው ሲያነሳን ቀስ እንዲል ይንገሩልኝ፤ ወደ ብረት መጣያው ሲወስደንም በሆስፒታሉ በር በኩል ቢያልፍልኝ ትልቅ ውለታ ነው። መንገዱን ያጣምምበታል ካሉ ደግሞ አላስቸግርም፤ ማስታወቂያዎ ላይ «ባለቤቱ ያልታወቀ» ከሚለው ቃል ሥር፣ የአቶ ብሥራትን ስም ከነአባታቸው በእጅዎ ይጻፉልኝ። ለቅሶ የሚመጣው ሰው ቢያንስ የማን እንደነበረች ይወቅ።