ንፋሱን ቀንስለት

ውድ አባዬ፣

ይህን ወረቀት የሚሰጥህ ሰው ወደ እናንተ የሚመላለስ የጣውላ ጫኝ መኪና ሹፌር ነው። በር ላይ አታቁመው። ግን ገና አስገብተህ ወንበር ሳትሰጠው አንድ ነገር አድርግልኝ፤ የዳቦ አከፋፋዩን ሞተር ሳይክል ቁልፍ ከመስቀያው አንሳና ኪስህ ክተተው። ሰውዬው ቢለምንህም፣ ቢቆጣህም፣ ዳቦው ቢደርቅበትም እንዳትሰጠው። ከዚያ ተቀመጥና አንብብ።

ዛሬ ቀን እማዬ ደውላልኝ ነበር። እንደ ልማዷ ያንተን ወሬ ለእኔ፣ የእኔን ላንተ ስታመላልስ፣ "አባትሽ እኮ ተለውጧል፤ ዳቦ አከፋፋዩ ያንቺን አይቶ የመኪና ጎማ ይዞ ቢመጣ እሺ ብሎ ከኋላ ገጠመለት" አለችኝ። ደስ ብሏታል። እኔ ግን ንፋሱን ማን ሞላው ብዬ ጠየቅኳት። ማን ይሞላዋል፣ አባትሽ ነዋ አለች። የጭቃ መከላከያው እስኪበየድ ሞተሩ አንተ ዘንድ እንዳለና ሰውዬው ከነገ ወዲያ ዳቦውን ጭኖ ቁልቁለቱን እንደሚወርድ ስትነግረኝ፣ ስልኩን እንደያዝኩ መሬት ላይ ተቀመጥኩ።

ደብዳቤዬ እስኪደርስ ሞተሩ ከጋራዡ እንዳይወጣ አደራ ብያታለሁ። ለምን እንደሆነ ግን አልነገርኳትም። በእሷ አፍ ቢደርስህ "ልጅሽ ደግሞ ንፋስ ልታስተምረኝ ነው?" ብለህ ነገሩን እዚያው እንደምትዘጋው አውቃለሁ። አንተና እኔ ደግሞ በስልክ ቀርቶ በአንድ ገበታ ላይም መነጋገር ካቆምን ቆይተናል። ስለዚህ መጻፍ ነበረብኝ። የዳቦ አከፋፋዩ ነገር ባይመጣ ኖሮ ይህን ጉዳይ ጨርሶ አታውቀውም ነበር፤ እንዳታውቀውም ወስኜ ነበር።

ዳዶ ብለህ የሰየምከኝ አንተ ነህ። ስወለድ ከማነሴ የተነሳ መዳፍህ ውስጥ እጠፋ ነበር አሉ፤ አንተም እንደ ወደቀ የብሎን ዳዶ ነው የምፈልጋት እያልክ ትስቅ ነበር። የብሎን መፍቻ ቁጥር ከፊደል በፊት አስቆጠርከኝ። የልብስ ስፌት መኪና ጠጋኝ እሆናለሁ ስልህ፣ ብረት እስከሆነ ድረስ ግድ የለኝም ብለህ የመጀመሪያዬን ፒንሳ የገዛህልኝም አንተ ነህ። በጎማ ላይ እንጣላለን ብሎ ማን ያስብ ነበር።

የኔን ሐሳብ አንድ ጊዜ እንኳ እስከ መጨረሻው አልሰማኸኝም፤ አሁን ግን ወረቀት ነውና ልታቋርጠኝ አትችልም። ያ ትልቁ ክሩዘር ሞተሬ ራሱ ከባድ ነው። በሁለቱ ጎን ቦርሳ ሙሉ ብረት፣ አንዳንዴም የሰው ስፌት መኪና ጭኜበት ከከተማ ከተማ እዞራለሁ። የኋላ ጎማው ገና ሳልለምደው መሐሉ ተበልቶ ክሩ ይወጣል። በልኩ የሚሆን የሞተር ጎማ ደግሞ ካላዘዙት የለም፤ ያዘዙትም ክረምት ከበጋ አስጠብቆ ነው የሚመጣው። በተበላ ጎማ በዝናብ ስንሸራተት እማዬ አታውቅም፤ አንተ ግን ጎማውን አይተህ ታውቅ ነበር። የመኪና ጎማ ገጥመው ዓመታት የነዱ ሞተረኞች አግኝቼ ጠየቅኳቸው። ቸርኬው ላይ በደንብ ይቀመጣል፣ ቶሎ አያልቅም፣ ጭነት ይችላል አሉኝ። ክፉ ጎኑንም አልደበቁኝም።

አንተ የመለስክልኝ አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ። "የሞተር ጎማ እንደ እንቁላል ክብ ነው፤ እንዲያጋድል ብለው ነው የሠሩት። የመኪና ጎማ ጡብ ነው። ጡብ ሲያጋድል አይተሽ ታውቂያለሽ?" አልከኝ። በኔ ደጃፍ አይገጠምም ብለህም ጨመርክ። ደንበኞች ቆመው ነበርና አፈርኩ፤ ስላፈርኩም ግትር አልኩ።

ጋራዥ በዘጋህበት እሁድ ግቢያችን ውስጥ ራሴ ገጠምኩት። ያንተው ጎማ ማውለቂያ ፌሮ፣ ያንተው ሳሙና ውሃ፣ ያንተው ኮምፕሬሰር። የጎማው ከንፈር የቸርኬውን ጠርዝ አልይዝ ብሎ ስቃዬን አበላኝ። ንፋሱ እየጨመረ ሲሄድ ጎማው መንጫጫት ጀመረ፤ እኔም ልተወው ወይስ ልቀጥል እያልኩ ነበር። ዞር ስል በሩ ላይ ቆመሃል። ከመቼ ጀምሮ እንደቆምክ አላውቅም። የከባድ መኪና ጎማ ፈንድቶ የደነቆረውን ግራ ጆሮህን በእጅህ ሸፍነህ፣ "ጆሮሽን ያዢ" አልከኝና ወደ ውስጥ ገባህ። ወዲያው ጎማው ጧ ብሎ ቦታውን ያዘ። ከዚያ ቀን በኋላ ለእኔ ብለህ ቃል አልተነፈስክም።

የሚያስቀው ደግሞ ዝምታህ ሥራ የበዛበት ዝምታ ነበር። ፊት ለፊትህ ተቀምጬ እማዬን፣ "ለልጅሽ ጨው አቀብዪ በያት" ትላታለህ። እኔም "ለባልሽ ጨው ይኸው በይው" እላለሁ። እሷ መሐል ላይ ሆና አንዴ ለአንተ አንዴ ለእኔ ትዞራለች፤ አንገቴ ሊቀጭ ነው፣ የቤቱ ስልክ አደረጋችሁኝ እያለች ታማርራለች። እስቅ ነበር። ብቻዬን ስሆን ግን ያንተ ነገር ይከነክነኝ ነበር፤ ናፍቀኸኝ ነበር፣ አንድ ቤት እየኖርን።

እንግዲህ ለዚህ ሥራ የወጣሁበትን ጠዋት ልንገርህ። በዋዜማው ማታ የጎማውን ንፋስ ለክቼ አድሬያለሁ። ሃያ ስምንት። ከዚያ አላልፍም፤ ምክንያቱን ዝቅ ብዬ እነግርሃለሁ። ጠዋት ስነሳ ቀድመኸኝ ወጥተሃል፤ ደህና ሁኚ እንኳ አላልከኝም። አኩርፌ ተነሳሁ። ማታ ለክቼዋለሁ ብዬ ዳግመኛ አልለካሁትም።

ገና ከሰፈር ሳልወጣ ሞተሩ የኔ አልመስል አለኝ። በየጠጠሩ ይነጥራል። ጭነቴ ዛሬ ከብዷል፣ መንገዱም ተበላሽቷል እያልኩ ለራሴ መልስ እሰጣለሁ። ሜዳው ላይ እንደምንም ሄደልኝ። ቁልቁለቱ ሲጀምር ግን የመጀመሪያው ኩርባ ላይ ጋደል ላድርገው ስል እምቢ አለኝ። መሪውን ገፋሁት፤ ቀጥ ብሎ ቆመ። አጥብቄ ስገፋው ሳላስበው ዘፍ አለ፤ ወደቀ ስል ደግሞ ተነሳ። መቆሚያ ቦታ የለም፤ በግራ ተራራ፣ በቀኝ ገደል ነው፤ ከኋላዬም መኪና አለ። ቀስ ብዬ እወርዳለሁ አልኩ። ሁለት ሦስቱን ኩርባ በጥርሴ ይዤ አለፍኩ።

ወደ ግራ የሚታጠፈው፣ ምንጩ አስፋልቱ ላይ የሚፈስበት ኩርባ አለ፤ አንተም ታውቀዋለህ። እዚያ ስደርስ የጣውላው መኪና ከታች እያጓራ ብቅ አለ። መሪውን ገፋሁ። ሞተሩ አልሰማኝም። እኔ ወደ ግራ እያየሁ እሱ ወደ ቀኝ፣ ወደ ገደሉ ይዞኝ ሄደ። የኋላ ፍሬን ስይዝ ጎማው ውሃው ላይ እንደ ሳሙና ተንሸራተተ። የፊቱን ያዝኩ። አባዬ፣ ሞቻለሁ ብዬ አሰብኩ፤ ሌላ ምንም አላሰብኩም። የፊት ጎማዬ የመንገዱን ጠርዝ ድንጋይ ገጭቶ ቆመ። ከድንጋዩ ወዲያ አየር ብቻ ነው።

ይህ ፊትህ ያለው ሰው መኪናውን አቁሞ ሮጦ መጣ። ሞተሩን ይዞ፣ "እህቴ፣ ውረጂ፣ ቀስ ብለሽ፤ ወደዚያ አትዪ" አለኝ። እሱ ነው ደግፎ ያወረደኝ። ተራራው ሥር አስቀምጦኝ ሞተሩን ገፍቶ ካመጣ በኋላ ዞሮ ዞሮ አየውና የኋላውን ጎማ በእግሩ መታ መታ አደረገው። ይሄ እኮ የቤት መኪና ጎማ ነው፣ ደግሞም እንደ ድንጋይ ደርቋል አለኝ።

መለኪያዬን አውጥቼ ጎንበስ አልኩ። ያን ጊዜ አየሁት። ማታ ትቼው ያደርኩት ጥቁሩ የፕላስቲክ ክዳን የለም። በንፋስ መግቢያው ቫልቮላ ላይ ያለው የነሐስ ክዳን ነው።

ያን ክዳን ከማንም በላይ አውቀዋለሁ። ከአሮጌ ቧንቧ እየቆረጥክ፣ በሞረድ እያለሰለስክ ስትሠራቸው ያደግሁ ነኝ። ለሁሉም ደንበኛ አትሰጥም። ሩቅ መንገድ ለሚሄድ፣ በሰላም እንዲመለስ ለምትፈልገው ሰው ብቻ ነው ፕላስቲኩን አውልቀህ እሱን የምታስረው። የእማዬ ወንድም መኪና ላይ አለ። እኔ ስወለድ እማዬን ያዋለደቻት ሐኪም መኪና ላይ አለ። የኔ ሞተር ላይ ግን ኖሮ አያውቅም።

በእጄ ልፈታው ብል አልፈታ አለ፤ አጥብቀህ አስረኸዋል። በፒንሳ ፈታሁት። መለኪያው አርባ አለ። ሹፌሩ ከላዬ ቆሞ፣ "ማነው እንዲህ የሞላው?" አለ።

"አባቴ" አልኩት።

"አባትሽ ጎማ አያውቅም እንዴ?"

"ጎሚስታ ነው። ለዚህ እኮ ነው የሞላው።"

ከዚያ ማልቀስ ጀመርኩ። ሰውዬው ድንጋጤ መስሎት ውሃ አመጣልኝ። ድንጋጤስ ነበር፤ ግን እሱ ብቻ አልነበረም። ጠዋት ያደረግከውን ቁጭ ብዬ ያየሁህ ያህል ገብቶኝ ነበር። ከኔ ደጃፍ ጎማው የጎደለ መንገደኛ አይወጣም ማለት ልማድህ ነው። ተኝቼ ሳለሁ መለኪያህን ይዘህ ወጣህ። ሃያ ስምንት አየህ። የመኪና ጎማ፣ ይህን ሁሉ ጭነት ይዞ፣ ሃያ ስምንት? ይቺ ልጅ በጎደለ ጎማ ልትሄድ ነው አልክ። በእልክህ ጊዜ ያልነካኸውን ጎማ፣ የጠላኸውን ጎማ፣ ጎንበስ ብለህ ሞላኸው። ክዳኑንም አሰርክ። ምንም ሳትናገር ወደ ሥራህ ሄድክ። እኔም አኮረፈኝ ብዬ ከቤት ወጣሁ።

አየህ፣ መኪና ላይ ቢሆን ልክ ነህ፤ መኪና አያጋድልም። ሞተር ላይ ግን ያ ጠፍጣፋ ጎማ ኩርባ ላይ እንዲታዘዝ ጎኑ መተጣጠፍ አለበት። ንፋስ ሲበዛበት አይተጣጠፍም፤ መሐሉ ላይ ብቻ ይቆምና ቀጥ በል ይልሃል። ንፋሱን የሚያሳንሱት ለዚህ ነው። ይህን ካንተ ልማር አልቻልኩም፤ አንተ መኪና እንጂ እንዲህ ያለ ነገር ገጥመህ አታውቅማ። የነገርኩህም ጊዜ አልነበረም፤ ብንነጋገር ኖሮ እነግርህ ነበር።

ንፋሱን እዚያው አስተነፈስኩት። ሹፌሩ ጭነትሽን ስጪኝ፣ ሞተሩንም እንጫነው፣ ወደ አባትሽ ልመልስሽ አለኝ። እምቢ አልኩት። ብመለስ ምን ብዬ ነው ፊትህ የምቆመው? ቦርሳዎቼን ብቻ ተቀብሎ፣ እሱ ሊወጣ የነበረው ሰው መኪናውን አዙሮ እስከ ታች ድረስ ከኋላዬ እየተከተለ ሸኘኝ። ሞተሩም እንደ ልማዱ ሆነልኝ። እኔ ግን እስካሁን ወደ ግራ የሚታጠፍ መንገድ ሳይ ከሩቁ ፍሬን እይዛለሁ።

እማዬ በዚያው ቀን ደውላ፣ "አባትሽ ጎማው እንዴት ሆነ ይላል" ስትለኝ፣ ደህና ነው በይው አልኳት። ጎማውን መጠየቅህ እኔን መጠየቅህ እንደሆነ ገብቶኛል። ያን አንድ ጥያቄ ላበላሽብህ አልፈለግሁም። አሁንም ይህን እየጻፍኩ ያለቀስኩት ለዚህ ነው፤ አንብበህ ስትጨርስ ፊትህ ምን እንደሚሆን አውቃለሁ። ግን ዳቦ አከፋፋዩ ልጆች አሉት። ከኋላውም የሚከተለው የጣውላ መኪና ላይኖር ይችላል።

ስለዚህ ንፋሱን ቀንስለት። ሃያ ስምንት አድርገውና ባዶውን፣ ያለ ዳቦ፣ ሜዳ ላይ ይልመደው። ሳይለምደው ቁልቁለቱን እንዳይሞክር። አላምንም ካለህ ሹፌሩ አጠገብህ አለና ይንገረው። አንተም ካላመንከኝ እሱን ጠይቀው፤ ያየውን አይቷል። ጡብ ነው ያልከውም ውሸት አልነበረም። ከሁለታችን ማን ልክ እንደሆነ አሁን አላውቅም፤ ያዘዝኩት የሞተር ጎማ ሲመጣ ቁጭ ብለን እንከራከርበታለን፣ እማዬን መሐላችን ሳናስቀምጥ።

ሥራዬን ሳምንት ሳይሞላ እጨርሳለሁ። ስመለስ ቤት ከመግባቴ በፊት ጋራዥህ ደጃፍ ነው የማቆመው። መለኪያውን እኔ እይዛለሁ፣ ንፋሱን አንተ ትሞላልኛለህ፤ በቃ ስልህም ታቆማለህ። ክዳኑን መልሼ አስሬዋለሁ፣ አንተ እንዳሰርከው በፒንሳ። ለዳቦ አከፋፋዩ ግን ፕላስቲኩ ይበቃዋል፤ እሱ ማታ ቤቱ ይመለሳል።

አንተን የማትቀየም፣ የናፈቅካት፣
ዳዶህ