በስሜ የተጨበጨበላት

ለናፍቆቴ ለወንድም ጋሼ፣ ሰላምታዬ ባለህበት ይድረስህ። እኔ ከንዴቴ በቀር ደህና ነኝ።

ትናንት ድልድዬ ሲመረቅ «የነደፈችው መሐንዲስ!» ተብሎ ስሜ ተጠራ። ብድግ ያለችው ግን ሞክሼዬ፣ ዝነኛዋ ዘፋኝ ናት። አዘጋጆቹ በስም ተሳስተው እሷን ጋብዘው ኖሯል፤ ሽልማቱንም ሳታቅማማ ወሰደች።

ቤት ስገባ ዘፋኟ በቴሌቪዥን ዜና ላይ ነበረች። እማዬ ስሙን ሰምታ እልል አለች።

«ልጄ እንዴት አምሮባታል!»

«እማዬ፣ እኔ እኮ እዚህ ነኝ» ብዬ ፊቷ ቆምኩ።

«ዞር በይ እስቲ የኔ እህት፣ ልጄን ጋረድሽብኝ።»

ሳቅኩላት፤ ነጠላዋን አስተካከልኩላት። ምግብ ደህና ትበላለች።

አዘጋጆቹን ስህተታቸውን በአደባባይ ሳያርሙ አልለቃቸውም፤ ለእነሱ እኔ እበቃለሁ። ለአንተ ደግሞ መንገዱን ጨርቅ ያድርግልህ፤ እማዬ የአንተንም መልክ ሳትረሳ ድረስ። ከእንግዲህ «ለከርሞ እመጣለሁ» የሚል መልስ አልቀበልም።

እህትህ