ጀርባችን ላይ የተጻፈው

ይድረስ ለተከበሩ የበጎ ፈቃደኞች ሥልጠና አስተባባሪ፣
ዳንግላ

ለጤናዎ እንደምን ከርመዋል? እኛ ሠልጣኞችዎ፣ ከኀፍረታችን በስተቀር፣ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ወንጀል የደረሰበትን ሰው እንዴት እንደምንደግፍ ሊያስተምሩን የደከሙትን ድካም ሳላመሰግን ብቀር ነውር ነውና ይህን በአደባባይ ጻፍኩልዎ።

፩. «የተጎጂ ምስጢር እንደ ንስሐ ምስጢር ነው» ብለው ስላስተማሩን እናመሰግናለን። በማግስቱ ጀርባው ላይ «የወንጀል ተጎጂዎች ደጋፊ» ተብሎ በትልቁ የተጻፈበት ቢጫ ሰደርያ ስላደሉንማ አብልጠን እናመሰግናለን። እኛ ጀርባችንን አናይም፤ አገሬው ግን ማንበብ ይችላል።

፪. እኔና አብረውኝ የሠለጠኑት አቶ ይሄይስ ሰደርያችንን ለብሰን፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ከወይዘሮ ደጊቱ ደጅ ከጋሪ ወረድን። ደጊቱ ከአዘና ገበያ ስትመለስ መንገድ ላይ ሰው የደፈራት ሴት ናት፤ ይህንንም እኛን ከላከን ፖሊስ በቀር ለእናቷ እንኳ አልተነፈሰችም ነበር። እርስዎ እንዳስተማሩን አንገታችንን ደፍተን፣ ድምፃችንን ዝቅ አድርገን ብንቀመጥ ጎረቤት ለቅሶ መሰለው። ወጉ ነውና ነጠላውን አዘቅዝቆ፣ ንፍሮ ይዞ ግር ብሎ ገባ። ማን እንደሞተ ሊጠይቅ የመጣው ሁሉ መልሱን ከጀርባችን አነበበ። አዬ፣ እሳት ልናጠፋ ሄደን ገለባ ጨመርንበት!

፫. ለዚህኛው ምስጋና ፈልጌ አጣሁ። ደጊቱ አላለቀሰችም። እንግዶቿን አስተናግዳ፣ እኛን ደጅ ድረስ ሸኝታ፣ እስከዚያ በአማርኛ ስታናግረኝ የቆየችው ሴት በአገውኛ «የጎዳኝን ሰው ማንም አላወቀውም፤ እኔን ግን ዛሬ አገር አወቀኝ» አለችኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ፖሊስ የጠረጠራቸውን ሰዎች አሰልፎ እንድትለይለት ሲጠራት አልሄደችም። ቤቷን ዘግታ ዘንገና ሐይቅ አጠገብ ካሉ ዘመዶቿ ዘንድ ገብታለች። ተጠርጣሪዎቹም ተለቀቁ፤ አንደኛውን ገበያ ውስጥ ሽንኩርት ሲመርጥ አይቼዋለሁ፤ ጀርባው ላይ ምንም አልተጻፈበትም።

ሰደርያዬን አጥቤ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬልዎታለሁ።

ቀና ብላ ለመሄድ ካቃታት፣ የምስክር ወረቀቷን ግን ከእጅዎ ከተቀበለች ሠልጣኝዎ፣ ከማይጎድል አክብሮት ጋር፣
ዘውድነሽ አበረ

የረሳሁት፦ ለሪፖርትዎ ያዘዙን ፎቶግራፍ ጎረቤት ከመግባቱ በፊት ተነሥቷል። ደጊቱ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍናለች ብለው ቅር እንዳይልዎ፤ እኛ ፈገግ ብለናል።